መዝገቡ «ያልተማረች» ያላት ልጅ

የሻረግ ሚስቴ የሆነችው መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ ልጆቼ፤ ከዚህ በኋላ የምትሰሙት ሁሉ ከዚያች አንዲት ውሸት የመጣ ነው፤ ውሸቷም የኔ ናት።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምህረት፣ ኅዳር ላይ፣ ከወሎ ተጭነን አሶሳ ስንደርስ የወረድንበት ሜዳ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወፍራም መዝገብና አንድ ላብ በላብ የሆነ ጸሐፊ ጠበቁን። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የሻረግ የጎረቤቴ ልጅ ናት። እናቷ ወሎ ካለው የድርቅ መጠለያ ሳንወጣ አረፈች፤ ስታርፍ እጄን ይዛ «ፈንታ፣ ልጄን አደራ» ነው ያለችኝ። እኔም በዚያው ሰሞን ሚስቴንና አንድ ልጄን ቀብሬ ባዶዬን የቀረሁ ሰው ነበርሁ። የሻረግ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ማትሪክ ተፈትና፣ ውጤቷን ሳትሰማ ነው ድርቁ ከቤት ያስወጣት።

ሰልፉ ላይ ሁለት ወሬ ይዞር ነበር። አንደኛው፣ ላጤ ሆኖ የተመዘገበ ጎጆ አይሰጠውም፤ ወደ ረጅሙ ዳስ ነው የሚገባው ይላል። ዳሱ ከሜዳው ማዶ ይታያል፤ ተራ ስንጠብቅ እንኳ ከዚያ ሬሳ ሲወጣ አይተናል፤ ወባው ያለ ርኅራኄ ይጥላል። ሁለተኛው፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍና ጦር ግንባር ለሬዲዮና ለጽሕፈት ይወሰዳል፤ ሴትም ብትሆን አይምሯትም ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነበር። ሁለተኛውን ማን እንደ ጀመረው እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን ሁላችንም አመንን።

ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል ምንህ ናት አለኝ። እህቴ ብል ዳስ ትገባለች። ሚስቴ ናት አልሁ። «የትምህርት ደረጃ?» አለ። የሻረግ አፏን ልትከፍት ስትል እግሯን ረገጥኋት።

«ያልተማረች ናት። እኔም አልተማርሁም» አልሁ።

እኔ እንኳ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ጸሐፊው ጻፈ፤ እኛም አውራ ጣታችንን ቀለም ነክረን አተምን። ከኋላችን የነበረው ሁሉ እንዲሁ አደረገ። ዲያቆኑም፣ ስድስተኛ ክፍል የደረሰውም፣ የቀበሌ ጸሐፊ የነበረውም አውራ ጣቱን ይዞ ቀረበ። የአንድ አገር ሰው በአንድ ቀን ፊደል ጠፋበት። የልጅቱን አሥራ ሁለት ዓመት ግን ሌላ ማንም አልፋቀውም፤ እኔ ነኝ የፋቅሁት።

መንደራችን ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ብቻ ነው የነበራት። ጎጆዎቹ በቀርከሃ ግድግዳ፣ በሳር ክዳን፣ በገመድ እንደተለካ ተደርድረዋል። እኔ በአንዱ ጥግ፣ እሷ በሌላው ጥግ፣ መሃል ላይ የቀርከሃ ሰሌን አቁመን ኖርን። ቤት ውስጥ «አያ ፈንታ» ትለኛለች፤ ደጅ ስንወጣ ሚስት ናትና «ፈንታ» ማለት ነበረባት። ያቺ «አያ» ጉሮሮዋ ላይ ስትቀር ይታየኝ ነበር።

የመንደሩ አስተባባሪ ጓድ በቃሉ ይባላል። የእርሻ ዲግሪ አለው። ዲግሪውን በመስተዋት አስደርጎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ምስጥ ከጀርባ እየመጣ ስለሚያስቸግረው በየሳምንቱ አውርዶ እንጨቱን በናፍጣ ይወለውለዋል። ጉዳይ ሊያስፈጽም የገባ ሰው መጀመሪያ ወደዚያ ቀና እንዲል ይጠብቅ ነበር፤ እኛም ቀና እንልለት ነበር። ክፉ ብቻ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ወባው የበረታ ጊዜ መድኃኒት ፍለጋ በዚያ ጭቃ አሶሳ ድረስ በእግሩ ሄዷል። ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከኛ ጭቃ ወጥቶ አሶሳ ከተማ ቢሮ መግባት። እንቅልፉም ምግቡም እሱ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ መዝገቡ ላይ «ያልተማረ» የተባለ ሁሉ ከሥራ መልስ መንደሩ መሃል ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ይቀመጥ ተባለ። እንግዲህ መላው መንደር ተቀመጠ። አልጀብራ የሠራችው ልጅ ከሀ ጀመረች። እኔ ከጎኗ፣ ከኛ ኋላ ዲያቆን የነበረው አንለይ፣ አጠገቡ እናቱ እታለም አገኘሁሽ። በእውነት ፊደል የማያውቁት እሷና ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። አንለይ ዳዊት የሚደግም ልጅ፣ እንደ ሕፃን በአመልካች ጣቱ እየጠቆመ «ለ፣ ሉ፣ ሊ» ይላል። ቤት ስንገባ የሻረግ እሱን እየቀዳች በሳቅ ትሞታለች። ሲከርም ሳቁ ቀረ። አንድ ቀን አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ቃል ሲያበላሽ እጇ ብድግ አለ፤ ከዚያ እንደ ሌባ እጅ መልሳ አወረደችው። ያን ዕለት ራት አልበላችም።

አላዋቂ መምሰልም ብልሃት ይጠይቃል፤ እሷ አልቻለችበትም። በሦስተኛው ወር ጓድ በቃሉ ሊጎበኝ መጥቶ ጋዜጣ ቢሰጣት ረሳችና ዘለቀችው። ሰውየው ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ፊደል ሳትለይ የመጣች የገበሬ ሚስት በሦስት ወር ጋዜጣ አነበበች ብሎ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ አሶሳ ወጣ፤ የምስጋና ደብዳቤ ሆኖ ተመለሰ። እሷ አንድ ፋኖስ ተሸለመች። ለሱ ደግሞ የአሶሳው ቢሮ በር ገርበብ አለ።

ልጆቼ፣ የሰው ውሸት ለሌላ ሰው እንጀራ ከሆነ በኋላ እውነቱን መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በሰባ ስምንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዘመቻ፣ ለአዲስ ሰፋሪዎች ጎጆ ሊሠሩ መጡ። መዳፋቸው ቀርከሃ አያውቅም፤ በሁለተኛው ቀን ሁሉም እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ዋለ። የሻረግ ውኃ ልታቀርብላቸው ስትሄድ አንዲት ልጅ የያዘችውን ቆመጥ ለቀቀችው። ውድነሽ ትባላለች፤ ሰባት ዓመት አንድ ክፍል አብራት የተማረች፣ ሒሳብ ከሷ እየቀዳች ያለፈች ልጅ ናት።

«የሻረግ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት።

የሻረግ እንስራዋን እንደ ያዘች ቆመች።

«ስምሽ የዩኒቨርሲቲው ዝርዝር ላይ ነበር እኮ። ከኔ በላይ ነው ያመጣሽው። ሲጠራ 'አልመጣችም' ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሞታለች ብለውኝ።»

ከዚያ ተቀምጠው ተላቀሱ። ሲረጋጉ ውድነሽ ነገሩን አብራራችላት። ተማሪው ሁሉ ዘመቻ ላይ ስለሆነ ትምህርቱ ገና አልተጀመረም። በድርቁ ምክንያት የቀረ ሰው፣ ካለበት ቦታ ማንነቱንና አሥራ ሁለተኛ መጨረሱን የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ከመጣ ይቀበሉታል። አውቶቡሶቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ። ከነሱ ጋር ካልሄደች አለቀ።

የሻረግ ቤት ገብታ ሰሌኑ አጠገብ ቆመች። «አያ ፈንታ፣ እሄዳለሁ» አለችኝ። ፍቀድልኝ አላለችም። የረገጥሁትን እግሯን አየሁት።

አብረን ጓድ በቃሉ ዘንድ ገባን። ሁሉንም ነገርሁት፤ ሚስቴ አለመሆኗን፣ መማሯን፣ የዋሸሁት እኔ መሆኔን። ውድነሽም መጥታ መሰከረች። ሰውየው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የመዝገቡን ሽፋን እየደባበሰ፣ እሷን በሪፖርት አሶሳ እንዳወጣት፣ አሁን አሥራ ሁለተኛ የጨረሰች ናት ብሎ ቢጽፍ አታላይ እንደሚባል፣ ዝውውሩም እንደሚቀር ተናገረ። ከዚያ ወደ ዲግሪው ቀና አለ።

«ደግሞ ምን ያደርግልሻል? እኔን እዪኝ። አራት ዓመት ተምሬ ከናንተ እኩል ጭቃ እረግጣለሁ።»

የሻረግ ድምፅዋን ሳታነሳ መለሰችለት። «ጓድ፣ እርስዎ ሲሰለችዎ ያወርዱታል። እኔ የማወርደው እንኳ የለኝም።»

በመጨረሻ መላ አመጣ። በሁለት ሳምንት ከአሶሳ እንግዶች ለመሠረተ ትምህርት በዓል ይመጣሉ። እሱ የጻፈውን ንግግር እንደ አዲስ አንባቢ ቆማ ታንብብ። ያን ካደረገች የይለፍ ወረቀቷን እንደምትፈልገው አድርጎ ይሰጣታል። እኔ እንቢ በይ ልላት ዞርሁ። እሷ ግን ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ነበር።

የበዓሉ ቀን ማንጎው ሥር ሰው ሞላ። እንግዶቹ ወንበር ላይ፣ ሰፋሪው መሬት ላይ፣ ተማሪዎቹ ዳር ዳሩን። የሻረግ ወጣች። አመልካች ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ «እ…ኔ… ዓይ…ኔ… ታው…ሮ… ነበር» ማለት ጀመረች። ከተማሪዎቹ አንዱ አስቂኝ መስሎት ሳቀ። ውድነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ መሬቱን በጥፍሬ እቧጥጣለሁ። ከነዚያ ልጆች ጋር መደዳ መቀመጥ የሚገባት ልጅ፣ በፊታቸው ቆማ ራሷን ደንቆሮ አድርጋ ታነባለች። የምትሰናከልበትን ቃል አስቀድማ መርጣ ነበር፤ በየመስመሩ አንድ። አንድም ቦታ አልሳተችም። እስከ መጨረሻይቱ ነጥብ ዘለቀችው። እንግዶቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ፤ ጓድ በቃሉን ጨበጡት።

አንለይ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ «አያ ፈንታ፣ ይቺ ልጅ ይህን ከዋጠች ዩኒቨርሲቲው ምንዋ ነው» አለኝ።

ልበ ብርቱ የሚባል ሰው ጮኾ የሚናገር፣ ጠረጴዛ የሚደበድብ ይመስላችኋል። እኔ ያየሁት ይህን ነው። የምትፈልገውን ነገር አንቃ ይዛ ክብሯን ስትውጥ ነው ያየኋት።

አውቶቡሶቹ የሚሄዱ ዕለት ጠዋት መንደሩ በሙሉ መንገድ ዳር ወጣ። የሻረግ አንዲት ጨርቅ ቋጥራ፣ ፋኖሷን ለእታለም አገኘሁሽ ሰጥታ፣ በሩ አጠገብ ቆማለች። ጓድ በቃሉ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ይዞ መጣ። ተቀብላ አነበበችው፤ እንደ በዓሉ ቀን አይደለም፣ በዓይን ቅጽበት። ፊቷ አመድ መሰለ። ለኔ አቀበለችኝ።

የገበሬ ፈንታ ባለቤት ይላል። የትምህርት ደረጃ፣ መሠረተ ትምህርት ያጠናቀቀች ይላል። ወደ አዲስ አበባ እንድታልፍ ተፈቅዶላታል ይላል። ኬላውን ያልፋል፤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ግን ይህን ያየ ዘበኛ እንኳ አያስገባትም።

«ጓድ፣ ያሉኝ እንዲህ አልነበረም» አለችው።

«መዝገቡ ያለውን ነው የጻፍሁት። መዝገቡን ያስጻፈው ባልሽ ነው።»

እውነቱን ነው። ያቃጠለኝም እውነቱ ነው። በሱ ላይ የተቆጣሁትን ያህል በራሴ ላይ ተቆጣሁ፤ ሁለቱ ቁጣ ተደርበው እጄን አንቀሳቀሱት። ከውድነሽ ኪስ እስክሪብቶውን መዘዝሁ፣ ወረቀቱን ገልብጬ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዘረጋሁት፤ ተንበርክኬ መጻፍ ጀመርሁ።

«አንተ መጻፍ አትችልም እኮ» አለ ጓድ በቃሉ።

«አራተኛ ክፍል ነኝ» አልሁት ቀና ሳልል።

እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። ይህች ልጅ ሚስቴ አይደለችም። የጎረቤቴ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። መዝገቡን ያዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አፍ አውጥታ አልዋሸችም። ስሜን ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው፤ ግን ይነበባል።

ጓድ በቃሉ ወረቀቱን ሊነጥቅ እጁን ሲሰድ አንለይ መሃል ገባ። ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ነው፤ ትከሻው ሰፊ። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። እታለም አገኘሁሽ የኮቱን ጫፍ ያዘች።

«ተው ልጄ። ይወስዱሃል» አለችው።

«እማ፣ አንድ ስም እኮ ነው።»

ጎንበስ ብሎ «አውቃታለሁ፣ እመሰክራለሁ» ብሎ ጻፈ። እንዴት ያለ ጽሕፈት መሰላችሁ፤ እንደ ብራና። ከሱ ኋላ የቀበሌ ጸሐፊ የነበረው መጣ። ከዚያ ስድስተኛ ክፍል የደረሰው። ከዚያ አንዲት ሴት፣ ትችላለች ብለን ያልጠረጠርናት፣ ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች መጥታ ፈረመች። ዓመት ሙሉ አውራ ጣቱን ሲያትም የኖረ መንደር ተሰልፎ ስሙን ጻፈ። ሃያ ሦስት ሰው። ተማሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ፤ ያ በበዓሉ የሳቀው ልጅ አንገቱን ደፋ። ሹፌሩም ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀን።

ጓድ በቃሉ ሪፖርቱ በፊቱ ሲፈርስ እያየ ቆመ። ከዚያ ነቃ መሰለኝ፣ ወረቀቱን አምጡ አለ። ግን የሻረግ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከታ ደረጃውን ወጥታ ነበር። ከወረቀቱ ፊት የጓድ በቃሉ የራሱ ማኅተም አለ፤ ጀርባው ላይ የኛ ስም። ኬላውን በፊቱ፣ ዩኒቨርሲቲውን በጀርባው ታልፋለች።

ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሳ ወደ ጓድ በቃሉ ዞርሁ። ሆዴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት።

«ዲግሪ ምን ያደርግልሻል ነበር ያልሃት። ዲግሪ ባይኖርህ ይህን ማኅተም ማን ያስይዝህ ነበር? በገባህበት በር ዞረህ እንዳትገባ ቆምህባት።»

አውቶቡሱ ወደ ባምባሲ መንገድ ሲታጠፍ የሻረግ በመስኮት ብቅ ብላ ጮኸች። «አያ ፈንታ» ነው ያለችኝ፤ በሰው ፊት።

እዚህ ላይ ብተወው ደስ ባለኝ። አልተውላችሁም፤ ያናደደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጎጆዬን ተነጠቅሁ፤ ረጅሙ ዳስ ገባሁ። አራት ወር ጉቶ ስነቅል ከረምሁ፤ ይህስ ይሁን፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። የመንደሩን ነገር ግን አሶሳ ድረስ የወሰደው የለም፤ የጓድ በቃሉ ሪፖርት እንዳማረበት ቀረ። በበጋው መጨረሻ የተመኘው ቢሮ ገባ። ዲግሪውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ፊት ለፊት፣ ከራሱ ጎን አስቀምጦት ሲሄድ አየሁት። ከመሄዱ በፊት መንደሩ እንደገና ይመዝገብ ብሎ አዘዘ፤ ማንበብ የሚችል ሁሉ ለብቻው። ስማችንን በእጃችን ስንጽፍ አይቷልና መካድ አልተቻለም።

ግንቦት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ለሬዲዮ የሚሆን፣ ጽሕፈቱ ያማረ ልጅ ተፈለገ። አንለይ የመጀመሪያው ነበር። ሁለት ደብዳቤ ከሰሜን ጻፈ፤ ለእናቱ ያነበብሁላት እኔ ነኝ። ሦስተኛው አልመጣም።

ዛሬ፣ ኋላ ሌላ ሚስት አግብቼ ከወለድኋቸው ልጆች ያገኘኋቸው የልጅ ልጆቼ ደጄ ተቀምጠው፣ ሥራ አጥተው፣ ዲግሪ ምን ዋጋ አለው ይላሉ። ብስጭታቸው ይገባኛል፤ ሥራ የነሳቸውን እኔም እረግማለሁ። ዋጋ የለውም ሲሉ ግን ከፊቴ ተነሱልኝ እላለሁ። ከዚያ ይጸጽተኝና መልሼ እጠራቸዋለሁ።

የሻረግ በሰማንያ ሁለት፣ ሐምሌ ላይ፣ ጭቃውን እየረገጠች መጣች። ተመርቃለች። ከዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ስንት ጊዜ ለምና ያቺን የኛን ወረቀት አስመልሳ ይዛታለች። አንለይን ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ቁጭ አለች። ከዚያ ተነስታ እታለም አገኘሁሽ ቤት ውሰደኝ አለችኝ።

እታለም አገኘሁሽ መደብ ላይ አስቀመጠችን። የሻረግ ዲግሪዋን አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት። እታለም አገላብጣ አየችው፤ የወርቅ ቀለሙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከጎኗ መደቡ ላይ አኖረችው።

«ይኼ ያንቺ ነው። ያኛውን አሳይኝ» አለች።

የሻረግ ወረቀቱን ዘረጋችላት።

«ልጄ የቱ ጋ ነው?»

የሻረግ የእታለምን ጣት ይዛ ስሙ ላይ አሳረፈችላት። ጣቷ እዚያው ቆየ። አላለቀሰችም።

«ተው ብዬው ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ቁጣ በኔ ላይ ይሁን፣ በየሻረግ ላይ ይሁን፣ በማን ላይ እንደሆነ አላወቅሁም። የሁላችንም ድርሻ ነበረበት።

ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። የሻረግ መልሽልኝ አላለችም። ስንወጣ ዲግሪውን መደቡ ላይ ረስታው ነበር፤ ተመልሼ ያመጣሁላት እኔ ነኝ።